የርምጃ ቁጥር

ሰዓቱ ሰባት ነው፤ ማዳም እንቅልፍ ወስዷታል፤
እንሽላሊቷንም ሙቀት አባርሯታል፤
የኒዝዋ ምሽግ ጥላው እግሩ ሥር ገብቷል።
እርጥብ አንሶላ ይዤ ግቢ ስወጣ እኔ፣
አንዲት ጉንዳን ብቻ ትሮጣለች ጎኔ።

ረጃጅም እግሯን ከንጣፉ አንስታ፣
ሆዷን ሽቅብ ቀስራ፣ ከትኩሱ አሽሽታ፣
ትሄዳለች ዞራ፣ ትሄዳለች ታጥፋ፣
አንዴ ከባልዲው ሥር፣ አንዴ ቱቦውን አልፋ፤
የዝንብ ሬሳ ፍለጋ፣ ቀትር የገደለው፤
እኛን የሚያቃጥል ለሷ ገበያ ነው።

አገኘች። ነከሰች። ከዚያ ያ ሁሉ መዞር
እንዳልነበር ሆኖ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣
እንደ ተወጠረ የልብስ ማስጫ ገመድ፣
ቤቷ ትገባለች ሳያሻት መንገድ።

«እያቸው፣» ትለኛለች ሉባባ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት እዚህ የኖረች፣
«ልጅ እግሯ ውስጥ ናት፤ እንቁላል ታገላብጣለች።
ስታረጅ ነው ወደ ፀሐይ የሚሰዷት፤
ብትሞት እንኳ ጎጆው ብዙ አይከስርባት።»
ብላ፣ የበቃላውን ዝርዝር እጇ ላይ ጠቅልላ፣
ጉልበቷን ይዛ ወጣች፣ ድንክ ጥላዋን አስከትላ።
እኔ ልጁን አጥባለሁ፤ እኔ ወተት አሞቃለሁ፤
ከውጭው በር አላልፍም፤ ተራዬ ገና ነው፣ አውቃለሁ።

ማክሰኞ ለት ግን፣ ንጣፉን ስጠርግ፣ ሳላያት፣
ከነዝንቧ በአካፋ አፍሼ መኪናው ማቆሚያ ጣልኳት።
አልደነገጠች፤ አላመነታች፤
ፀሐይዋን አየችና ጉዞዋን ያዘች፤
ያንኑ አቅጣጫ፣ ያንኑ የርምጃ ቁጥር፣
አንድ ሳታጎድል፣ አንድም ሳትጨምር።
ቆጥራ ስትጨርስ ቆመች። ደርሳለች።
ደጇ ግን የለም። የግንቡን እግር ነካካች።
በጠባቡ ዞረች፤ ሰፋ አርጋ ዞረች፤
ወደዚያችው ነጥብ ደግማ ተመለሰች።

ስሌቷ ልክ ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፤
እኔ ነኝ መሬቱን ከሥሯ የወሰድኩት።

የበቃላ ደረሰኝ ከእግሯ ሥር ሰደድኩላት፤
ዝንቧን እንደነከሰች ቀዳዳዋ አደረስኳት።
ሌላዋ ብቅ አለች፤ በቀንዷ ዳበሰቻት፤
«የት ቆየሽ?» አላለችም፤ ጠረኗን አውቃ አስገባቻት።

ያኔ የብረቱ በር ተንኳኳ፤ ሉባባ ናት፣ ዘግይታ፤
«መንገዱን ቆፍረውት ስዞር ቆየሁ» አለች፣ ግንቡን ተደግፋ ላፍታ።
ከረጢቷን ሳልቀበል ክንዷን ዳሰስኩት፤
ዳቦና ሳሙና ይሸታል። ይፋጃል። አልለቀቅኩት።