በግራ ጆሮዬ በኩል

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ብርድ ልብስ ስንሠራ፣
ማሽኑ ወሰደው የጆሮዬን ግራ።
ስተኛ በቀኝ ነው፣ ደህናውን ቀብሬ፣
ዓለም ቢገለበጥ አይደርሰኝም ወሬ።
ለዚህ ነው ያመለጠኝ፣ ለዚህ ነው ያልሰማሁ፣
ሲያስነጥሱ ሲያድሩ እንደ ግንድ ተኛሁ።

ጠባሴ በታኅሣሥ ምድሩ ጨው ይመስላል፣
በሬሳ ዳር ሣሩ ሲረግጡት ይሰበራል።
ጡረታ ስወጣ የሰጡኝን ብርድ ልብስ
ቆጡ ላይ ሰቀልኩት፣ ነፋስ እንዳይደርስ።
አሥራ አራት ሆነው ከኋላው ያድራሉ፣
ሲነጋ እንደ ፈረቃ ተሰልፈው ይወጣሉ።

ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ እኔው በገዛ እጄ፣
ገብስማ አውራ ዶሮ፣ ለገና ወድጄ።
ሻጩ ዓይኔን አላየም፣ ዋጋ አልተከራከረ፣
የጠራሁትን ይዞ ከሰው መሐል ተሰወረ።
ዶሮ ጭራ ጭራ ካራ አወጣች ይሏታል፤
የጫርኩት እኔ ነኝ፣ ስለምን ያሟታል?

ሳምንት በሰላም አለፈ።
ሰኞ ገብስማው ሞተ፤ አንዷ ጥግ ያዘች፣
ማክሰኞ ውሃውን ነክታ ሳትውጥ ተወች።
አረንጓዴ ቅዘን በብርድ ልብሱ ላይ፤
ረቡዕ ሦስት ወደቁ፣ እግራቸው ወደ ሰማይ።
ሐሙስ ስድስት።
ፌጦ በሎሚ አሽተን፣ ነጭ ሽንኩርት ደቁሰን፣
ምላሳቸው ሥር አድርገን፣ አንገታቸውን ዳብሰን፣
ልጄ የውብዳር በማንኪያ፣ እኔ በጣቴ፣
አንዷ የተሻላት መሰለች ለምኞቴ።

ዓርብ ሐኪሙ ሽመክት በሞተር ሳይክል መጣ፣
ቀና ብሎ ሳያየኝ ቃሉን አወጣ፦
«ፈንግል ነው። ለያዘው መድኃኒት የለውም፤
ጠብታው ለጤነኛ ነው፣ አሁን አይደርስም።
የሞተውን ቅበሩ፣ አጥልቁት፣ ኖራ አልብሱት፤
ይኼ ያደሩበት ጨርቅ፣ እሱንም አቃጥሉት።»
ጨርቅ አለው።
ዝም አልኩ።

ጌጤነሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣
«ነገ ቅዳሜ ነው፤ ተነሥ ገና ሳይነጋ፣
የቆሙትን ውሰድ፤ ማን ያውቃል ሲያያቸው?
ገና ደርሷል፣ በግማሽም ቢሆን ሽጣቸው።»
ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስታመም አጥሚት ይዛ
የምትመጣ እሷ ናት፣ ከኔ በላይ ተክዛ።

እውነቱን ልናገር፤ ቅርጫቱን አወረድኩ፣
አምስቱን በገመድ እግር ለእግር አሰርኩ።
ያኔ ያ ሰውዬ፣ ዓይኔን ያላየኝ ሰው፣
እሱም ጎረቤት አለው፣ እሱም አጥር አለው፣
እሱም በኩራዝ ብርሃን ቅርጫት አወረደ፣
ሳይተኛ አነጋና ገበያ ወረደ።
ስረግመው ሰንብቼ ያን ሌሊት ግን ተውኩት።
ገመዱን ፈታሁት።

ከአምስቱ አራቱ እሑድን አላለፉም።
ውርጭ የያዘው መሬት ዶማ አይቀበልም፤
ከባሕር ዛፉ ሥር ቆፈርኩ እስከ ወገቤ፣
ሰው ለዶሮ ይኼን ያህል? እያለ ልቤ።
የውብዳር ኖራውን በጣሳ ስታቀብል
አንድ ባንድ ቆጠረች፣ ስማቸውን ስትል።
ብርድ ልብሱን ለኮስኩ። ሱፍ ደህና አይነድም፣
ይጨሳል፣ ይከረፋል፣ ቶሎም አያልቅም።
ሃያ ስድስት ዓመቴ በአፍንጫዬ ገባ፣
ጠርዙ ላይ ተጣብቃ አንዲት ነጭ ላባ።

ወሰራዋ ቀረች።
አንገቷ ተጣሞ፣ አንድ ዓይኗ ወደ ሰማይ፣
ጥሬውን ስታ ትለቅማለች ከአፈሩ ላይ።
«ትኖር ይሆናል» አለ ሽመክት፣ «መቅናቱን እንጃ፤
ሌላ ዶሮ ግን ለወራት አታምጣ።»
ካርቶን ውስጥ ከአልጋዬ ሥር አኖርናት እሷን፣
የውብዳር በማንኪያ ታጠጣታለች ይዛ ራሷን።
ገናን በሽሮ ዋልን። ማንም አላማረረ።

እኔም ከዚያ ወዲህ በግራ ነው የምተኛ፣
ደንቆሮውን ቀብሬ፣ ደህናውን ለዘበኛ።
ሌሊት ካርቶኑ ይንኮሻኮሻል፤
ትዞራለች። ቆም ትላለች።
ትዞራለች።