አምስት ሚሊሜትር

ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ባሕር ዳር፣ አንዲት ሱቅ አለችኝ፣ የስልክ መጠገኛ፤
ሁለት ሰው ከቆመ ቦታ የማይተርፋት፣ ለመጣ ሦስተኛ።
እዚያ ነው ያገኘኝ ጋሽ አንማው፣ በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲወርድ፤
ስልክ አልያዘም። ከኪሱ ያወጣው ግራጫ ፕላስቲክ ነው፣
የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ አንድ።

«ቀጭን ወረንጦ አለህ?» አለኝ፣ «እንደ መርፌ የሾለ አፉ?
ይኼ መድፍ ነው፤ አትሳቅ። ጣቴ ወፍራም ሆነ፣ ሲነካው ይጠፋል ጫፉ።»

ሳቅሁ።

ባሕርተኛ ነበር። ምጽዋ፣ አሥራ አንድ ዓመት፣ ቀለም ቀቢ፣ ከመርከብ ላይ።
ባሕሩ ወዲያ ቀረ፣ እሱ ወዲህ መጣ፤
አሁን ከጣና ዳር፣ ከቀበሌ ቤቱ፣ ጨው አይቀምስ፣ ማዕበል አያይ።
ሳጥኑን ያገኘው ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ነው፣ ክዳኑ የተቀደደ፤
የሌላ አገር መርከብ፣ ከሱ ጋር በምንም ያልተዛመደ።

«የኔዋን ማን ይሠራታል?» አለ። «ፋብሪካ የት ያውቃታል?
ከዚችኛዋ ሆድ ቆርጦ ሊያወጣት፣ የሚያውቃት አንድ ሰው ይበቃታል።»

ሁለቱን ጎን ገጠመ። ስፌቱ እንዳይታይ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገው፤
ውሃ እያስነካ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እብጠቱን በጣቱ ፈለገው።
የተረፈውን ዘንግ በሻማ አሙቆ ሳበው፣ እንደ ፀጉር እስኪቀጥን፤
የአንቴናው ሽቦ ነው። ፊቱን አዙሮ ይተነፍሳል፣ እንዳይበተን።
መሰላሉን እኔ ሠራሁት፣ ከሞተ ስልክ በነቀልኩት የመዳብ ክር፤
አሥራ ሦስት ደረጃ። ቆጠረ። «አንድ ይጎድላል፣ ልጄ፤ ድገመው፣ ከሥር።»

ጣጣው ቀለም ላይ ነው። ግራጫ የሚሉት አንድ አይደለም ለካ፤
«ይኼ የወደብ ነው፣ ይኼ የዝናብ፣ ይኼ ደግሞ ፀሐይ የነካ።»
ከመልሕቋ በታች መስመር አወረደ፣ በሦስት ፀጉር ብሩሽ፣ በሸክላ ዱቄት።
«እንባ ይመስላል፣» አልኩት።
«ዝገት ነው፣» አለኝ፣ «ዝም ብለህ ዝገት።»
በግራ ጎኗ ላይ፣ በጋለ ማንኪያ ጀርባ፣ ጎድጎድ አደረገ፣ ጥቂት፤
ፎቶው ላይ የለም። ጠየቅሁት።
ብሩሹን አጠበ። «ነበር፣» አለ፣ «አንድ ሌሊት።»

መርከብ በሦስት መቶ ሃምሳ እጅ ስታንስ፣ ሰውም አብሯት ይኮስሳል፤
አምስት ሚሊሜትር፣ ከነባርኔጣው፤ ከጤፍ ይበልጣል እንጂ ከገብስ ያንሳል።
ሳጥኑ ውስጥ ሠላሳ መርከበኛ ነበር፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ተሰልፎ፤
ሁሉንም ተዋቸው። አንዱን ብቻ አነሣ፣
ሰላምታ የሰጠበትን ክንድ በምላጭ ቆርጦ፣ ወደ ታች አጥፎ፣
ከጭስ ማውጫው ኋላ፣ ነፋስ ከማይመታው ጥግ፣ አጎንብሶ አስቀመጠው።
«ክፍሎም ነው፣ ወጥ ቤት። ሽንኩርት ይልጥ ነበር፤
ልጣጩን ባሕር ነው የዋጠው።»

ሽንኩርቱስ የት አለ? አላልኩትም። ዞሬ ከጠረጴዛዬ ፈለግሁ፤
ከብየዳዬ ጫፍ የቀረች የቆርቆሮ ጠብታ፣ ከአሸዋ ያነሰች፣ ሰጠሁ።
ቀይ ቀለም አስነካት። አጉሊ መነጽሩን አነሣ፣ ዝም አለ፣ ብዙ ቆየ፤
«ትልቅ ናት፣» አለኝ፣ «እንዲህ ያለ ሽንኩርት ያን ጊዜ ማን አየ?»

የሰፈር ልጆች «ጣና ላይ ትንሳፈፍ፣» ብለው ለመኑት፣ አንድ እሑድ።
«ጨው የለውም፣» አለ፣ «አታውቀውም። ደግሞ ሆዷ ባዶ ነው፣
ትጋደማለች እንደ ግንድ።»

አሁን ከኔ ዘንድ ናት፣ በመስታወት ሳጥን፣ ከሞቱ ስልኮች መካከል፤
ገበያተኛ «ስንት ነው?» ይላል።
«መሰላሉን ቁጠር፣» እለዋለሁ፣ «በትክክል።»

ወረንጦዬ ግን እዚያው ቀረ። ሌላ ሳጥን ከፍቷል፣ አውሮፕላን፤
እውነተኞቹ ወደ ማረፊያው ሲወርዱ፣ ከጓሮው ወጥቶ፣
በመዳፉ ፀሐይ ከልሎ ያያል ሆዳቸውን።
«አየህ?» ይለኛል፣ «ከጎማው በላይ፣ እዚያ ጋ፣ ዘይት ያንጠባጠበበት።»
እኔ ምንም አላየሁም።