የነቃ ድንጋይ

ጭጋግ ነው ዛሬም። በሲቿን ጠዋት
ተራራው የለም፣ መንገዱ የለም፤ ያለው የመጋዘኑ መብራት፣
ያለችው ፓንግ ዩዠን ናት፤
ክዳን ባለው ብርጭቆ ሻይዋን ይዛ፣
መነጽሯ በክር ታስሮ ከአንገቷ የተንጠለጠለ፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት የድንጋይ ስንጥቅ የቆጠረች፣
ነገ በጡረታ የምትሄድ፣ ዛሬ እኔን ልታስተምር የቆመች።

ሣጥን ከፈተች። ከአራት ሺህ ሜትር ጥልቀት የወጣ፣
ጥንት ወንዝ ዳር የተኛ አሸዋ፣ ዛሬ ከብረት የከፋ ጣጣ።
«ሩዋን፣» አለችኝ፣ «ይህ ንፉግ ነው፤ ጋዙን ታቅፎ የተኛ፤
ቀዳዳው ከፀጉር የቀጠነ፣ ለራሱ እንኳ የማይተነፍስ ቀማኛ።
ብትለምነው አይሰጥ፣ ብትወጋው አይደማ፤
ካልነቃ በቀር ጠብ አይልህም፣ ብትጮህበትም አይሰማ።

«እዚህ ጋ ነቅቷል። ሰው ሳይኖር፣ ስም ሳይኖር፣
ተራራው ከምዕራብ ሲገፋው ጎንበስ አልልም ሲል ነበር።
ጣትህን አስኪደው፤ ያረጀ ስንጥቅ ልዝብ ነው፣
ጠርዙን ዘመን የላሰው።
አንዳንዱን ነጭ ካልሳይት ሞልቶት እንደ ጠባሳ ገጥሟል፤
ለቁስል መዳን ነው፣ ለእኛ ግን በር ተዘግቷል።
አንዳንዱ ክፍት ነው፤ ትኩሱን ውሃ ውስጥ ስትነክረው
በመስመሩ ላይ እንደ ዶቃ አረፋ ይደረድራል፣ ትንፋሹ ነው።
ይህኛው ደግሞ የእኛ ነው፣ የመሰርሰሪያው፤
ጠርዙ ምላጭ፣ ፊቱ የትናንት። ከዚያ አትደምረው።
የተፈጥሮን በቀይ እርሳስ፣ የሰውን በሰማያዊ።»

ቆጠርኩ። ቀይ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ።
ከውጭ የጭነት መኪና ጥሩንባ፣ ከጓሮ የተጠበሰ በርበሬ ሽታ፤
አስነጠሰኝ፣ ቁጥሩ ጠፋኝ፣ እንደገና ከመጀመሪያው፣ በዝግታ።

ድንገት ተንበርክካ ከታችኛው መደርደሪያ
አንድ ሣጥን ጎተተች። ጉድጓድ አሥራ አራት።
ማኅተሙ የሸረሪት ድር።
ከመሐል አንዱን አነሣች፤ በላዩ ቀይ መስመር፣
የእሷው እጅ ጽሑፍ፣ ቀጥ ያለ፣ የወጣትነቷ።
«እስቲ እይልኝ፣» አለች። ይኸው ነው ቃሏ።

ጣቴን አስኬድኩ።
ምላጭ ነበር።

ቀና ብዬ አየኋት፤ እሷ ሻይዋን ታያለች።
«ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ጥር ነው፣ ጣቴ ደንዝዟል፤
ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።
ማንም አላየም።
ድንጋዩ ነቃ፤ እኔ አልነቃሁም።
አለቃዬ ኦውያንግ ለተሰበረ ናሙና ደሞዝ የሚቆርጥ ሰው ነበር፤
ቀዩ እርሳስ ደግሞ ቅርብ ነበር።
በአንዲት መስመር ዘገባው አማረ፣
በዘገባው ካርታው፣ በካርታው ላይ መስቀል ተሠመረ፤
የእነ ሊያው ጎመን ዘር በቢጫ አበባው ታጨደ፤
ሰባት ወር ቆፈሩ፣
ጋዙ አሥራ አንድ ቀን ነደደ።
ከዚያ ዝም።»

«ለማን ተናገርሽ?»
«ለአንተ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤
እዚህ አገር ንጋቱም አርፍዶ ነው፣ ጭጋጉ እስኪገፈፍ ይቆያል።
ደግሜ ነካሁት። ምላጭ ነው ሁሉም፤
ከአንዲት ቦታ በቀር፣ አውራ ጣት ከሚያርፍባት፤
እሷ ዘንድ ልዝብ ሆኗል።
ስንት ዓመት መጥታ ነክታው ይሆን? አልጠየቅኋትም።

ሰማያዊውን አነሣሁ። አልከለከለችኝም።
ከቀዩ ጎን አሠመርኩ፤ ቀዩን ግን አልፋቅሁም።
የብርጭቆዋን ክዳን ገጠመች። የምሳ ደወል።
ሣጥኑን ወደ ቦታው የመለስነው ለሁለት ነው፣
እሷ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው፣
ቀስ እያልን፣
እንዳይወድቅ።