ሦስተኛው ፎቅ

ሕንጻው አንድ ነው እንጂ፣ በሩ ሁለት ሆነ፤
ሦስተኛው ፎቅ በአንድ ደብዳቤ ለቻርተር ተወሰነ።
እኔ ኦርቪል ጠራጊው፣ የሁለቱም ቁልፍ በወገቤ፣
ከላይም ከታችም ያው አቧራ ነው ቀለቤ።

ዲትሮይት፣ ሚያዝያ፣ ስፖርት አዳራሹ፤ ዕጣው ሲሽከረከር
የዴልፊን ቁጥር ወጣ፤ የኮርዴል እሳጥኑ ሊቀር።
የእህትማማች ልጆች፣ በአንድ ጃንጥላ የሚመጡ፣
ደረጃው ሥር ሲደርሱ ለሁለት የሚቆረጡ።

ገንዘቡ ከአንድ ቋት ነው፤ ልጁን ይከተላል ይላሉ።
መብራቱስ? ማሞቂያውስ? እነሱ ማንን ይከተላሉ?

ትናንት ኮርዴል በእረፍት፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ጣሪያውን እያየ፣
«ይሄ ኮቴ የእሷ ነው» አለኝ፣ ከሁሉ እየለየ።
መጥረጊያዬን አቁሜ አዳመጥኩ።
የማሞቂያው ቧንቧ ነበር።
ዝም አልኩ።