የክንዴ ሰንበር

ማክሰኞ ምሽት ነው። ቂርቆስን አልፌ ባዶ ጀልባ ስነዳ፣
ሞተሩ ሁለቴ ስሎ ዝም አለ፣ እንደ ደከመው እንግዳ።
ካንዴላውን ፈታሁ፣ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት፤
ጀሪካኑን ጆሮዬ ሥር ነቅንቄ ቤንዚን መኖሩን ሰማሁት።
ቀና ስል ጉም ነው። በደቡብ በኩል የባሕር ዳር መብራት የለም፤
የስልኬ ሰዓት አራት ዜሮ ላይ ቆሟል፤ ብጮህ ማንም አይሰማም።

ከዚያ ታንኳ መጣ። ደንገሉ ውሃውን ሲልስ ሰማሁ ቀስ በቀስ፤
አምስት ሰዎች፣ መሐላቸው ሸክም፣ ላዩ ላይ ሰማያዊ ልብስ፣
ሁለት መሎጊያ ከጎንና ከጎኑ የወጣ።
የት ሳይሆን መቼ እንደሆንሁ ገባኝ፤ ምራቄ ከአፌ ታጣ።

ቋንቋቸው የግዕዝ አጎት ነው፤ እኔም ልጅ ሳለሁ ዲቁና ጀምሬ ነበር፣
ግማሹን ከአፋቸው፣ ግማሹን ከዓይናቸው እየለቀምሁ ያዝሁት ነገር።
ትንሹ ኤልያሳፍ ይባላል። ጢም የለው። ትከሻውን ልጦታል መሎጊያው።
«ስንት ቀን ተጓዛችሁ?»
«የምንቆጥረው ጨረቃ ነው» ብሎ ሳቀ፤ አንድ ጥርስ ይጎድለዋል ከላይኛው።

ገመድ ወረወርሁ። ሲጠጉ ማዕበል መጣና ሸክሙ አዘነበለ፤
የጀልባ ሰው ነኝ፤ ጤፍ ይሁን ሲሚንቶ፣ ዕቃ ሊወድቅ ካለ
እጄ እኔን አይጠይቅም።
ሄደ።
አንድ ስንዝር ሲቀረው ኤልያሳፍ በመቅዘፊያው
ክንዴን መታው።
አጥንቴ ጮኸ። የእሱ ዓይን ግን እንባ ነበረው።
«የነካው ይሞታል» አለኝ። «አጎቴን መንገድ ላይ ቀብረን ነው የመጣነው።»

ጉሙ እስኪገፍ ተቀመጥን። ዳቦ ቆረስሁለት ከቆጭቆጫ ጋር፤
አስነጠሰው። ሽማግሌዎቹ ገላመጡን፤ ዝም አልን እንደ ተማሪ በግድግዳ ዳር።
ከዚያ በሹክሹክታ፦ «ከነገ ነው የመጣኸው፤ ታስታውቃለህ።
ቤቱስ? ንጉሡ የሠራው፣ የዝግባው፣ የወርቁ፤ ቆሟል? አይተኸዋል በዓይንህ?
እናቴ እኮ ደጁ ላይ ርግብ ትሸጣለች» ብሎ ጨመረ።
ልጅ ሆኜ የተማርሁት ሁሉ፣ እሳቱም፣ የፈረሰው ቅጥርም፣ ጉሮሮዬ ላይ ተገተረ።

«ርግቡ አለ» አልሁት።
እውነት ነው። ርግብ የትም አለ።

ሞተሩ ሳልነካው ተነሣ። ፊት ለፊቴ የከተማው መብራት፤
ገመዴ ጫፉ ተቆርጧል፣ የደንገል ጭረት ብቻ ቀርቶበት።
ቤት ስገባ ትብለጥ ክንዴን አይታ «ማን ነው?» አለች። «ልጅ ነው።» «የማን ልጅ?»
ቅቤ ቀባችኝ። ሰንበሩ መጀመሪያ ወይን ጠጅ፣
ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ የሽሮ መልክ ያዘ፤
እኔም በየማታው እጅጌዬን እየሰበሰብሁ አየዋለሁ፣ እንዳይሄድ እየለመንሁ።

ዛሬ ወደብ ላይ፣ በባትሪ ፈለግሁት፤
ክንዴ ንጹሕ ነው።
ኤልያሳፍን ገና አሁን ቀበርሁት።