ሰባት

አባታችን በሞተ በዘጠነኛው ቀን፣
ዝናቡ ጋብ ቢል የዕቃ ቤቱን ከፈትን።
ኦማሩ ነው አገሩ፤ ነፋሱ ከባሕር ይመጣል፣
ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣ በጎቹን ያስጮኻል።
ከምስማር ጣሳው ኋላ፣ ከበግ መሸለቻው አጠገብ፣
በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ጠበቀን አንድ መዝገብ፤
የቀን በረራው በጥቁር፣ የሌሊቱ በቀይ ቀለም፤
ገለጥ ገለጥ ብናደርገው ከቀይ በቀር ብዙም የለም።

ሄክተር ድራሞንድ፣ አብራሪ። እንዲህ ይላል ሽፋኑ።
እኛ የምናውቀው ሄክተር ሌላ ነበር በዘመኑ፤
ስለ ጦርነቱ ሲጠይቁት ስለ ድንቹ በሽታ የሚያወጋ፣
አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና የማይል፣
ከአጥሩ ሽቦ ጋር የሚታገል፣ ክረምት ከበጋ።

መኪናዋን ሳያስነሣ ሦስት ጊዜ ይዞራታል፣
ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ ያደርጋታል፤
ከዚያም መስተዋቷ ላይ ዝንብ የጣለችውን ነጥብ
በመሐረቡ ይፈትጋል፣ ግንባሩ እስኪያልብ።
“አባዬ፣ ዝንብ እኮ ናት!” እንለዋለን ስንስቅ፤
“ዝንብ መሆኗን በምን ታውቂያለሽ?” ይላል፤ እሱ አይስቅ።
ቄሱ ስብከት ከጀመሩ በኋላ ነው ሁልጊዜ የምንደርሰው።

እማዬ መርትል ታማ በተኛችበት ክረምት፣
ፀጉሬን የጎነጎነኝ እሱ ነው፣ በዚያች ብርድ በበላት ጣት፣
ጥፍር በሌላት፣ መርፌ ቢወጓት በማትሰማ፤
እንደ ፓራሹት ገመድ ያጠብቀዋል፤ ኋላማ
ቅንድቤ ሽቅብ ተስቦ ክፍል ስገባ በማለዳ፣
“ምን አስደነገጠሽ?” ትለኛለች አስተማሪዬ፣
እሷም ለአገሩ እንግዳ።

ሲመሽ ግን፣ ፋኖሱን ዝቅ አድርጎ፣ ጫማውን አውልቆ፣
በየአልጋችን አጠገብ ያልፋል፣ ትንፋሹን አምቆ።
ኢላ፣ ሮይ፣ ኔታ፣ ደንከን፣ መጨረሻ እኔ፤
አምስት፣ ይላል በሹክሹክታ።
ወደ እማዬ ዞሮ፣ ስድስት።
መዳፉን በገዛ ደረቱ ላይ አኑሮ፣ ሰባት።
መብራቱ የሚጠፋው ያኔ ነው።
ቍጥር የተማርኩት በዚህ ነው፤ ዓለም ሰባት ላይ የምታልቅ
ይመስለኝ ነበር፣ ስምንት የሚባል እንዳለ
ትምህርት ቤት ገብቼ እስካውቅ።

አንድ ሌሊት ሮይ ቀረ። አሥራ ሰባት ነው ዓመቱ፤
ዳንስ ነው፣ ልጅት ናት፣ ማን ያውቃል ምክንያቱ።
አባዬ ስድስት አለና በሩ ላይ ተተክሎ አደረ፤
መንገዱን አልነበረም የሚያየው፣ ሰማዩን ነበረ።
ጎሕ ሲቀድ ሮይ መጣ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣
ጀርባውን ለቀበቶ አዘጋጅቶ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ፈዞ።
አባዬ ትከሻውን ነካ አደረገው፤ “ሰባት” ብሎ፣
ላም ሊያልብ ሄደ፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ።

አሁን ኢላ ታነባለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፤
እኛ ዙሪያዋን ቆመናል፣ አንዳችን ካንዳችን ኋላ።
ፌብሩዋሪ፣ አሥራ ዘጠኝ አርባ ሦስት።
“ፈንጂ ባሕር ላይ ጣልን። ስድስት ሰዓት በረራ። ጨረቃዋ ሙሉ።
ሰባት ወጣን፣ ስድስት ገባን።” ይኸው ነው ቃሉ ሁሉ።
ዳር ላይ ግን በእርሳስ፣ በሚንቀጠቀጥ የሽምግልና እጅ፦
“ፐርሲ ጎልት። የኋላ ተኳሽ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ።
ነጥቧን አይቻት ነበር፣ መስተዋቱ ላይ።
ዝንብ መስላኝ።”

ማንም አልተነፈሰ።
ዝናቡም ሳናስተውለው ቆርቆሮው ላይ ተመለሰ።
ደንከን፣ የስድሳ ዓመት ሰው፣ ወጥቶ ሄደ ያለ ኮት፤
በበሩ አሻግረን ብናይ፣ በዚያ ሁሉ ዶፍ መካከል፣
በመሐረብ ይፈትጋል የመኪናውን መስተዋት።