ጠሪው ይቅደም

ሄርማታ ላይ፣ ከቤቴ ጀርባ፣ ጣሂር ወንበር ይጠርባል፤
ባለ ሦስት እግር፣ ከአንድ ግንድ፤ እግሩ ከወገቡ ይወለዳል።
ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው፣ ስፌት የለው የሚታይ።
የኔ ሥራ ግን ቁርጥራጭ ነው፣ ይኼ እዚህ፣ ያ እዚያ ላይ፣
አገናኝ ካልገባበት ሞቶ የሚቀር።

ኮምፒውተሯ በሦስት ዓመት ከኔ ትበልጣለች፤
ከግምጃ ቤት በጨረታ፣ ከዛገ ማረሻ ጋር ባንድ ቁጥር የወጣች።
ስልሳ አራት ኪሎባይት ነው ጠቅላላ ሆዷ፤
አንድ የሰርግ ፎቶ አይገባም፣ ሙሽሪት ትቀራለች ከደጇ።

ረምላ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጋሮ በሚኒባስ ትመጣለች፤
ዛሬ ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ዝም አለች።
ሃያ ሁለት ሙከራ፣ ቀኑ በቀይ፣ ሰዓቱ በሰማያዊ ቀለም፤
ከሥሩ ሁሉ አንድ መልስ፦ «የተጠራው ስም የለም»።
«እኔ ነኝ አይደል የማይገባኝ? መመሪያው እንዳለው ነው፣ ነጥብ እንኳ አላለፍኩም።»
መመሪያውን የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ስሜን ግን ሽፋኑ ላይ አልጻፍኩም።

ገጽ አርባ አንድ። መነጽሬን ጠረግኩ።
ምሳሌ ተብሎ የተሰጠውን አንድ መስመር ደጋግሜ አነበብኩ፦
መጀመሪያ ላይብረሪው፤ ጠሪው ፕሮግራም ከኋላ።
ዓይን አይጎረብጥም፤ ስድስት ዓመት ኖሯል በተድላ።

አገናኙ ከግራ ወደ ቀኝ አንዴ ይሄዳል፤ ዞሮ አያይም፤
ያልተጠየቀውን ከመደርደሪያ አያወርድም፣ ቢለምኑት አይመለስም።
እንዲህ ነው፦ ሐሙስ ገበያ ልጁን ማልደህ ትልካለህ፣
ምን እንደጎደለ ሳትነግረው፤ ባዶ ዘንቢል ይዞ ሲመጣ «ጨውስ?» ትለዋለህ።
ጨው ነበረ። በኩንታል ነበረ።
ጠያቂው ነው ያልደረሰ።

ግን ለምን ገለበጥኩት? ዝናቡ አባርቶ የጣሂር መጥረቢያ ብቻ ሲሰማ
ገባኝ። ያን ገጽ በተረጎምኩበት ሌሊት፣
ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ ከጅራቱ ወደ ራሱ እየጎተትኩ፣
የመጨረሻውን ፊት፣ የፊቱን መጨረሻ፣ አማርኛ ይሁን እያልኩ፣
ግሱን ከኋላ ሳስቀምጥ እንደ እናቴ ንግግር፣
ትእዛዙንም አብሬ ገለበጥኩት፤ ማሽን ግን የለውም አገር።

«ረምላ» አልኳት «ስሕተቱ የኔ ነው፤ ስድስት ዓመት የቆየ።»
«ሃያ ሁለቱስ ቀን?» አለች፤ ድምፅዋ ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ።

ፊደል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፤ አንድ ቀስት ብቻ ሳልኩ፣
ከፊተኛው ቃል ተነስቶ እስከ መስመሩ ጫፍ።
እሷ ስትጽፈው ትንፋሼን ያዝኩ።
ዲስኩ አጉረመረመ፣ ቆመ፣ እንደገና አጉረመረመ።
በአረንጓዴ ወጣ፦ «የጎደለ ስም፣ ዜሮ»። ሁለታችንም አይተነዋል።
ከዚያ መብራት ሄደና፣ መስኮት የሌላት ክፍሌ ጨለመ።

ረምላ በስልኳ ብርሃን ሃያ ሦስተኛውን ጻፈች፦ ቀን፣ ሰዓት፤
መልሱ ቦታ ላይ «ጠሪው ይቅደም» ብላ ሁለቴ አሰመረችበት።
እኔ ጣቴን እያጠፍኩ የተበተኑትን ቅጂዎች እቆጥራለሁ፦ ሊሙ አንድ፣ ቦንጋ ሁለት፣
የአንዱን ግን መድረሻ አላውቅም። ሰው ከፍቶት ይሆናል አሁን፣
ራሱን እየወቀሰበት።